የማን ትንፋሽ ነበር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ጠርዙ ወርቃማ ነው፤ ከሥሩ ስሜና ያገለገልሁበት ዘመን ተጽፎበታል። አመስግኜ ተቀበልሁ፤ ሰከንድ ቆጣሪ እንደሌለው ያስተዋልሁት ቤቴ ወስጄ ከሰቀልሁት በኋላ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሰከንድ ስትቆጥር ለኖረች ነርስ ሰከንድ የሌለው ሰዓት መስጠት ቀልድ ይመስላል። እነሱ ግን አልቀለዱም፤ ነገሩን አላሰቡትም። ዛሬ ትንፋሽ የሚቆጥር ማን አለ? ጣት ቆንጥጣ የምትይዝ ትንሽ መሣሪያ መጥታለች፤ ቁጥር ታወጣለች፤ ልጆቹም ቁጥሯን ጽፈው ቀጣዩን ሰው ይጠራሉ። መሣሪያዋን አልነቅፍም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እኔም ተጠቅሜባታለሁ፤ ሸጋ ነገር ናት። ግን የምታየው ጣት ነው፤ ደረት አታይም።

እኔ ደረት አያለሁ። ይህን ስል አላፍርም፤ ከዚህ የበለጠ የምኮራበት ሙያ የለኝም። አሁንም ጎንደር ውስጥ ከማራኪ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው በደቂቃ ስንት እንደሚተነፍስ ሳላስበው እቆጥራለሁ። አንድ ቀን አንዱ ጎልማሳ ሲያየኝ ቆይቶ፣ "እናቴ፣ ምን ጥፋት አገኙብኝ?" አለኝ። "ምንም ልጄ፤ አሥራ ስድስት ነው፤ ደህና ነህ" አልሁት። ግራ ገብቶት ቀጥሎ ባለው ፌርማታ ወረደ።

ይህን አመል ያስያዘኝ አያ ደሴ ነው። ከነርስ ትምህርት ቤት ወጥቼ መጀመሪያ የተመደብሁት ጠዳ ጤና ጣቢያ ነበር፤ አያ ደሴ እዚያ የቆየ ጤና ረዳት ነው። በወረቀት እኔ የበላዩ ነኝ፤ ደመወዜም ከሱ ይበልጣል። አዲስ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስገባ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "ማዳመጫሽ ሸጋ ነው። እስቲ ለአንድ ወር ኪስሽ ውስጥ ይቀመጥ" አለኝ። ተናደድሁ። ወሩ ሲያልቅ ግን ከትምህርት ቤቱ ይልቅ ከሱ ብዙ ተምሬ ነበር።

አያ ደሴ በሽተኛ ሲገባ ካርዱን አያይም። ሰውየው ከበሩ እስከ ወንበሩ እንዴት እንደመጣ፣ መንገድ ላይ ቆም ብሎ እንደሆነ፣ ሲቀመጥ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ወደ ፊት ያዘነበለ እንደሆነ ያያል። ሲያናግረው ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ስንት ጊዜ እንደሚያቋርጥ ይሰማል። ከዚያ የእጁን አንጓ ይይዛል። ሰው ሁሉ የደም ሥር የሚቆጥር ይመስለዋል፤ እሱ ግን የበሽተኛውን እጅ ደረቱ አጠገብ አሳርፎ ትንፋሹን ነው የሚቆጥረው። ለምን እንደሚደብቅ ስጠይቀው፣ "ተንፍስ ካልሽው የሚተነፍሰው ላንቺ ነው፤ ለራሱ አይደለም" አለኝ። በግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛትን ይጠላ ነበር። ሕፃን ልጅ ይቸኩላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይቸኩላል፤ ሙሉ ደቂቃ ካልቆጠርህ ተታልለሃል ይል ነበር። የሚያለቅስ ልጅም አይቆጥርም፤ ጡት እስኪጠባና ጸጥ እስኪል ይጠብቃል። አልጋውን ብርሃን ከጎን እንዲያርፍበት ብሎ ራሱ ገፍቶ መስኮት ሥር አስጠግቶት ነበር። ከፊት የሚመጣ ብርሃን ደረትን ሜዳ ያስመስለዋል፤ ከጎን ሲመጣ ግን እያንዳንዱ የጎድን አጥንት ጥላ ይኖረዋል፤ ወደ ውስጥ የሚሰረጎደው ቦታ ያኔ ይታያል።

አንድ ቀን በቅሎ የረገጠችው ወጣት ገበሬ ከጭልጋ በኩል መጣ። ሦስት ቀን ሆኖታል፤ በእግሩ ገብቶ "ጎኔን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ" አለ። የወቅቱ አለቃችን የሕመም ማስታገሻ ጻፈለትና ሊሸኘው ነው። አያ ደሴ ሸሚዙን አስወለቀው፤ አስተኛውና ከአልጋው ግርጌ፣ ከእግሩ በኩል በርከክ አለ። ዓይኑን ከገበሬው ደረት እኩል አደረገ ማለት ነው። "ነይ እዚህ" አለኝ። በርከክ ብዬ አየሁ። የቀኙ ጎን ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ የግራው ዝም ብሏል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን የተኛ ነበር የሚመስለው፤ አንዱ የነቃ፣ አንዱ የሞተ። በዚያው ሰዓት በመኪና ጎንደር ላክነው፤ እዚያ ከደረቱ ደም ቀዱለት፤ ዳነ። ማዳመጫዬ ያኔ ገና ከኪሴ አልወጣም ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው ማን እንዳስተማረኝ እንድታውቁ ነው። ምክንያቱም ከሃያ ዓመት ሥራ በኋላ፣ ያን ሁሉ እያወቅሁ፣ ጀማሪ የማይሠራውን ስሕተት ሠራሁ።

ከደባርቅ ወዲያ ባለ ደጋ ላይ፣ ስሟን የማልጠራት አንዲት ጤና ጣቢያ ተዛውሬ ነበር። ብርዱ ጥርና ሐምሌን አይለይም። ሰዉ ሁሉ በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ደረቱን ለማየት ሦስት አራት ልብስ መግለጥ ያስፈልጋል። ሕፃን ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ክርስትና ያልተነሣ ልጅ፣ ወንዱ አርባ ሴቷ ሰማንያ ቀን እስኪሞላ፣ ለባዳ ዓይን አይሰጥም። እናት ጋቢዋ ውስጥ ከደረቷ ጋር አጣብቃ ይዛ ትመጣለች፤ በጋቢው እንደተሸፈነ መድኃኒት ስጡኝ ትላለች።

እናኑ የመጣችው በገበያ ቀን ነው። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን ይዛለች። አቀበቱን በጥድፊያ ወጥታ ፊቷ ቀልቷል። "ታስላለች፤ ጡት ትጀምርና ትተወዋለች" አለችኝ። ስንት ቀኗ እንደሆነ ጠየቅኋት።

"ሰባ ሁለት። ክርስትናዋ ስምንት ቀን ቀረው።"

"እስቲ ግለጫት፣ ደረቷን ልየው።"

"ምነው ሲስተር፣ ሰማንያዋ ሳይሞላ?" አለችና ጋቢዋን ይበልጥ ሰበሰበች።

ከኋላዋ አግዳሚው ላይ አሥር ያህል ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ሁሉም እኔን ያዩኛል። ለአገሩ አዲስ ነኝ። የከተማ ሴት መጥታ ወግ ልታፈርስ ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ። እውነቱ ይሄው ነው፤ እንዲወዱኝ ፈለግሁ። "እሺ፣ ፊቷን ብቻ አሳዪኝ" አልሁ። እናኑ አንዲት ጥግ ገለጠችልኝ። ሕፃኗ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ በዚያ በጨለመ ክፍል ጤነኛ ይመስላል። ሰዓቴን አወጣሁና ጋቢው ከፍ ዝቅ ሲል ሙሉ ደቂቃ ቆጠርሁ። ሠላሳ ሁለት። በዚያ ዕድሜ የሚያስፈራው ሃምሳና ከዚያ በላይ ነው። አፍንጫዋ ታፍኖ ይሆናል ብዬ፣ ጡት እንድታበዛላትና ካልተሻላት በሁለተኛው ቀን እንድትመልሳት ነግሬ ሸኘኋት። መዝገቡ ላይም በቆንጆ ጽሕፈት "ጉንፋን" ብዬ ጻፍሁ።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤቷ ለሌላ ጉዳይ መጥታ ነገረችን። ሕፃኗ በማግሥቱ ሞታለች። ካህን ጠርቶ ለማስጠመቅ እንኳ ጊዜ አልነበረም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቀበሯት። "እናኑ ታሳዝናለች" አለች ሴትዮዋ። "እኔ ነኝ የገደልኋት፣ ፊቷን ገልጬ ለባዳ አሳየሁ እያለች ፊቷን ትነጫለች።"

አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን ስሰማ በመጀመሪያ ትንሽ ቀለለኝ። እናቲቱ እኔን አልወቀሰችኝም። እኔም ሠላሳ ሁለት ቆጥሬያለሁ፤ ድንገት ብሶባት ይሆናል እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። ማጽናናቱ ግን አንድ ሳምንት አልቆየም። ለወሩ ስብሰባ ጎንደር ስወርድ በዚያው አዘዞ ሄድሁ። አያ ደሴ ጡረታ ወጥቶ እዚያ ይኖር ነበር፤ አርጅቷል፤ ራሱ ይተነፍስ የነበረው ከንፈሩን አሹሎ እፍ እያለ ነው። ሁሉንም ነገርሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

"ስንት ነው ያልሽው?"

"ሠላሳ ሁለት።"

"የሁለት ወር ልጅ ሠላሳ ሁለት ብቻ ስትተነፍስ አልገረመሽም? ጤነኛዋ እንኳ አርባ ትላለች።"

ጥያቄውን ቀጠለ።

"ልጅቱ የት ነበረች?"

"እናቷ ደረት ላይ። ጋቢ ውስጥ።"

"እናቲቱስ አቀበት ወጥታ ነው የመጣች?"

ያኔ ነው የገባኝ። ጋቢውን ከፍ ዝቅ ያደርገው የነበረው የእናኑ ደረት ነው። የልጅቱን አይደለም፤ የእናቲቱን ትንፋሽ ነው ሙሉ ደቂቃ ከሰከንድ ሳላዛንፍ የቆጠርሁት። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስሁ። አያ ደሴ ተይ አላለኝም። ሲበቃኝ ጊዜ፣ "እናቲቱ ምን ትላለች?" ብሎ ጠየቀኝ። ፊቷን በማሳየቴ ነው የሞተችው ትላለች አልሁት።

"እንግዲያ ያንቺን ጥፋት እሷ ተሸክማልሻለች" አለኝ። "ሂጂና ተቀበያት።"

ለጤና ጣቢያው ኃላፊ እናኑ ዘንድ ልሄድ ነው ብዬ ብነግረው፣ "ማን ጠየቀሽ? ነገር አትቀስቅሽብን" አለኝ። ማንም አልጠየቀኝም። የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሬ ሄድሁ። እናኑ ደጇ ላይ ጥጥ እየፈተለች አገኘኋት፤ ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም። ከስታለች። ቁጭ በይ አላለችኝም፤ ቆሜ ተናገርሁ።

"እናኑ፣ ዓይን አይደለም። ሳንባዋ ነው የታመመው። ያን ቀን ደረቷን ባየው ኖሮ አውቀው ነበር። አላየሁም። የቆጠርሁት ያንቺን ትንፋሽ ነው።"

"የኔን?"

"ጋቢው ያንቺ ደረት ላይ ነበር። ከፍ ዝቅ ያደረገው ያንቺ ትንፋሽ ነው፤ የሷ መስሎኝ ቆጠርሁት።"

እንዝርቷን አስቀመጠች። "ከልክዬሽ የለም እንዴ?" አለች፤ ድምጿ ለራሷ የምትናገር ይመስላል።

"ብትከለክይኝም አስረድቼሽ ማየት የኔ ሥራ ነበር። ሰው ፈርቼ ተውሁት።"

"እንግዲያ ፊቷን ስላሳየሁሽ አይደለም።"

"አይደለም። ደረቷን ስላላየሁት ነው።"

እንዝርቷን መልሳ አነሣች። ትጮኻለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱም በተሻለኝ። "በቃ ሂጂልኝ" ብቻ አለችኝ። ሄድሁ። መንገዱን ሁሉ ስሄድ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህች ሴት ከእንግዲህ ሌላ ልጅ ብትወልድና ቢታመም፣ ወደ ጤና ጣቢያ ታመጣዋለች? የማታመጣው ከሆነ የገደልሁት አንድ ልጅ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ጤና ጣቢያ እንደገባሁ በመጀመሪያ አልጋውን ገፍቼ መስኮት ሥር አደረግሁት። ከዚያ አንሶላ ሰቅዬ ከአግዳሚው ለየሁት። እናቶቹ ልጆቻቸውን መግለጥ እንዲፈቅዱ ለማድረግ ግን መጋረጃ ብቻ አልበቃም። አንድ ቀን አንዲት አራስ እንደ እናኑ ጋቢዋን ስትሰበስብብኝ፣ "ፊቱን ነጠላሽን ጣል አድርገሽ ሸፍኚው፤ እኔ ደረቱን ብቻ ነው የምፈልገው" አልኋት። አሰበችና ፈቀደች። ዓይን የሚፈራው በፊት በኩል ነዋ! ከዚያ ወዲህ ሁሉንም እንዲህ አደረግሁ። ስስ ነጠላ ፊቱ ላይ፣ ደረቱ ግልጥ፣ እናትየው ራስጌ ቆማ። ሙሉ ደቂቃ እቆጥራለሁ፤ ከጎድኑ ሥር መሰርጎዱን አያለሁ፤ በመጨረሻ አፍንጫው ሲተነፍስ ይበረገድ እንደሆነ እንዳይ እናትየው ራሷ ገለጥ ታደርግልኛለች። ኃላፊው፣ "ወረፋው በር ደርሷል፤ ለአንድ ልጅ ይህን ያህል?" ሲለኝ፣ "ይህን ያህል" እለው ነበር። በኋላ ተወኝ። በዓመቱ ሴቶቹ አንሶላውን አልፈው ሲገቡ ነጠላቸውን አዘጋጅተው መምጣት ጀመሩ።

እናኑ ግን የለችም። ገበያ ላይ ከሩቅ አየኋት፤ አንገቷን አዙራ አለፈች። እንደገና ማርገዟን ሰማሁ። መውለዷንም ሰማሁ፤ ሴት ናት አሉኝ። ለእርግዝና ክትትልም ወደኛ አልመጣችም።

የመጀመሪያ ልጇ ከሞተች ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ጧት ጋቢ የለበሰች ሴት ወረፋውን ሰንጥቃ ቀጥ ብላ ገባች። አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች አጉረመረሙ፤ ማን እንደሆነች ሲያውቁ ግን ተዉአት። እናኑ ናት። ልጇን ከጉያዋ አውጥታ መስኮቱ ሥር አስተኛቻት፤ መጠቅለያዋን ፈታች፤ እኔ ነጠላ አውጥቼ ፊቷን ልሸፍን ስል እጄን ያዘችኝ። ሁሉንም ገለጠችው፤ ፊቷንም ደረቷንም። የሠላሳ ቀን ልጅ ናት።

"ከትናንት ጀምሮ ነው" አለችኝ። ከዚያ ከአልጋው ርቃ ሄዳ ጀርባዋን ከግድግዳው አስደገፈች። ደረቷን በሁለት እጇ ያዘች።

"እኔ እዚህ እቆማለሁ" አለች። "የኔን እንዳትቆጥሪ።"

ሰዓቴን አወጣሁ። በርከክ ብዬ ዓይኔን ከሕፃኗ ደረት እኩል አደረግሁ። ሰባ ሁለት። በዚህ ዕድሜ ስድሳ ከደረሰ እንደገና ይቆጠራልና ደገምሁት፤ ሰባ። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከታችኛው ጎድኗ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፤ አፍንጫዋ ይበረገዳል። የመጀመሪያውን መርፌ ወጋኋትና ለአምቡላንስ ደወልን። ወደ ጎንደር አብሬ ወረድሁ። ዳባትን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ኮሶዬን ስናልፍ መንገዱን አላየሁም፤ ዓይኔ ከጎድኗ ሥር አልተነሣም። እናኑ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ የልጅቱን አይደለም፣ የኔን ፊት ነበር የምታየው። ሆስፒታል ኦክስጅን ሰጧት። በሰባተኛው ቀን ጡት እየጎተተች፣ በደቂቃ አርባ አራት እየተነፈሰች ወጣች። አርባ አራቱን ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፤ ነርሶቹ ሳቁብኝ።

ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው እናኑ ጤና ጣቢያ መጥታ በር ላይ ቆመች። "ክርስትና የምታነሣልኝ ሴት አላገኘሁም" አለችኝ። ውሸቷን ነው፤ ያ ሁሉ ዘመድ እያላት። "እኔ ላንሣልሽ?" አልኋት። "እንግዲህ ምን ይደረግ" አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

የክርስትናዋ ጧት ውርጭ ነበር። ካህኑ ሕፃኗን አጥምቀው እርጥብ እንደሆነች፣ በጩኸት ቤቱን እያናጋች አስታቀፉኝ። ነጠላውን ከወገቧ በታች ጠቀለልሁ፣ ትከሻዋንም ሸፈንሁ፤ ደረቷ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ብርሃኑ ከበሩ በኩል ከጎን ይመጣል። ጩኸቷን እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ዘመዶቿ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አሮጊቶቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ምነው ልጄ፣ አታለብሻትም እንዴ? ብርዱን አታዪም?" አሉኝ ካህኑ።

እናኑ ከጀርባዬ ነበረች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስትል ሰማኋት።

"ይቆዩ አባ" አለች። "ትያት።"

አየኋት። ሦስት ትንፋሽ፣ አራት ትንፋሽ፤ ከጎድኗ ሥር ምንም ወደ ውስጥ አልገባም። ከዚያ አለበስኋትና ለእናቷ ሰጠኋት።